ኤፍ ዋን ሲጫኑ የሚመጣው ገጽ

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን መሥሪያ ቤቴ ሽኝት አደረገልኝ። ኬክ ተቆረሰ፣ የግድግዳ ሰዓት ተሰጠኝ፣ ሥራ አስኪያጁም ስለ ትጋቴ የተጻፈለትን ከስልኩ ላይ አነበበ። በዚያው ሳምንት ሃያ ዓመት ያህል የጻፍኩትን ሄልፕ፣ የእርዳታ ገጾቹን ሁሉ፣ ከፕሮግራሙ ውስጥ ጠራርገው አወጡት። ወሬውን ያመጣችልኝ ቦታዬን የተረከበችው ልጅ ናት። «እትዬ አስቴር፣ ቅር እንዳይልዎት፤ ማንም አያነበውም እኮ» አለችኝ። «አሁን ሰው የቸገረውን ይጽፋል፣ ማሽኑ ራሱ ይመልስለታል።» ልጅቷ ጨዋ ናት፤ ልታስከፋኝ ብላ አይደለም። እኔም «ጥሩ ነው» አልኳት። ጥሩ አልነበረም፤ አንጀቴ ነው የተቃጠለው። ግን «የማሽኑን መልስ ማን ያረጋግጠዋል?» ብዬ ልሟገታት ስል አፌ ተያዘ። በዚህ ጉዳይ ሰውን የምገሥጽበት አፍ የለኝም። ለምን እንደሌለኝ ልጻፈው።

ሥራዬ ምን እንደነበር ለሰው ማስረዳት ሁልጊዜ ያስቸግረኝ ነበር። እናቴ እስክትሞት ድረስ ኮምፒውተር እጠግናለሁ ብላ ነው የምታስበው። ነገሩ እንዲህ ነው። ከኮምፒውተሩ ቁልፎች በላይኛው ረድፍ ኤፍ ዋን የሚባል አለ። ሰው ቅጽ ሲሞላ አንድ ሣጥን ላይ ደርሶ ግራ ሲገባው ይህን ቁልፍ ይጫናል፤ ትንሽ መስኮት ትከፈትና እዚያ ሣጥን ውስጥ ምን መግባት እንዳለበት ትነግረዋለች። ሌላ ሣጥን ላይ ሆኖ ቢጫን ሌላ ገጽ ይመጣል። ሰው ሲያየው ማሽኑ የት እንዳለ ያወቀለት ይመስለዋል። ማሽን ምን ያውቃል? ለእያንዳንዱ ሣጥን ቁጥር የሰጠ፣ ለእያንዳንዱም ቁጥር ገጽ የጻፈ ሰው አለ። እኔ ነበርኩ።

የተወለድኩት ወንጂ ነው። አባቴ ሸንኮራ ሊቆርጥ ከከምባታ መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነው፤ እናቴ የሰላሌ ልጅ ናት፤ ያገናኛቸው ቸርች ነው። መተየብ የተማርኩትም በቤተ ክርስቲያናችን ጽሕፈት ቤት የመዝሙር ወረቀት ስተይብ ነው። በታይፒስትነት መጀመሪያ ወንጂ፣ ቀጥሎ መተሐራ፣ በኋላ አዳማ ሠራሁ። አለቃ በዓይነቱ አየሁ። አንዱ ደብዳቤ የሚያስተይበኝ በክፍሉ ውስጥ እየተንጎራደደ ነበርና ጀርባውን ሲያዞር የሚለው አይሰማኝም፤ ያልሰማሁትን ራሴ እሞላው ነበር፣ አንድ ቀንም ነቅቶብኝ አያውቅም። ሌላው ቀይ እስክሪብቶ ከኪሱ የማይለይ፣ ስህተት ካላገኘ ምሳ የማይበላለት ሰው ነበር። ደሞዙ ደሞዝ ነው፤ ስለሱ የማወራው የለኝም። አዳማ ከመለዋወጫ ሱቆች በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ አንድ የሶፍትዌር ድርጅት ተከፍቶ አማርኛ ቶሎ የምትተይብ ሴት ይፈልጋል ሲባል ሄድኩ።

መጀመሪያ የሰጡኝ ሥራ ፕሮግራሙ እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳ ወፍራም መጽሐፍ መተየብ ነበር። ሦስት ወር ፈጀብኝ። ዓመት ሳይሞላው መተሐራ አንዱ ደንበኛችን ቢሮ ስገባ፣ መጽሐፌ ነፋስ የሚያላጋውን በር ደግፎ መሬት ላይ ተቀምጧል። ተመልሼ በንዴት ሳወራ፣ በመስኮቱ በኩል ጥግ ላይ የሚቀመጡት ጋሽ ደምሴ ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ «ምን ያናድድሻል፣ ለአንድ ነገር ጠቅሟል» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንበሬን ወደ እሳቸው ጠረጴዛ አስጠጋሁ።

ጋሽ ደምሴ ድሮ ሬድዮ ጠጋኝ ነበሩ፤ ኮምፒውተሩን የተማሩት በራሳቸው ነው። ሄልፕ የሚባለውን ሥራ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ፕሮግራሙን የሚጠቀመውን ሰው ለማየት ሲሄዱ ከኋላው ወንበር ስበው ይቀመጡና ሁለቱን እጆቻቸውን ከጭናቸው ሥር ይከታሉ። ለምን ሲባሉ «እጄ ከወጣ እረዳዋለሁ፤ ከረዳሁት የቸገረውን ሳላይ እመለሳለሁ» ይላሉ። ሰውየው ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ በእርሳስ አንድ ጭረት ያደርጋሉ። ጭረት የበዛበት ሣጥን ገጹ እንደገና ይጻፋል። የሚጽፉት ባገለገለ ወረቀት ጀርባ ላይ ነው፤ ጽፈው ሲጨርሱ ወርደው ለበሩ ዘበኛ ያነቡለታል፤ ዘበኛው «እሺ» ካለ እንደገና ይጽፉታል፣ «እንዲህ ነዋ፣ ምን ያስቸግራል» ካለ ብቻ ነው የሚያልፈው። እኔ ገጽ ጽፌ ስሰጣቸው አንብበው ሳይጨርሱ ይጠይቁኛል፤ «አስቱ፣ ይህን ሲያነብ እጁ የት ነው?» የሰውየው እጅ የት እንዳለ ካላወቅሁ ወረቀቱ ይመለስልኛል። የሚያናድድ ልማድ ነበር። ካየኋቸው አለቆች ሁሉ ግን የተማርኩባቸው እሳቸው ብቻ ናቸው።

ወለንጪቲ አንዲት የእህል መጋዘን ጸሐፊ ነበረች፣ ወይዘሮ ብርቄ የምትባል። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ትደውልልናለች። የሚያስቸግራት «የተመለሰ» የሚለው ሣጥን ነው። የእኔ ገጽ «በዚህ ሣጥን የተመለሰውን መጠን ያስገቡ» ይል ነበር። ጋሽ ደምሴ አዩትና «ይሄ ምን ነገራት? ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው እኮ» አሉኝ። አብረን ወረድን። ከኋላዋ ተቀመጥን፤ እኔም እጄን ከጭኔ ሥር ከተትኩ። ለካ ወይዘሮ ብርቄ ባዶውን ማዳበሪያ እየቆጠረች ነው የምታስገባው፤ ገበሬው መልሶ የሚያመጣው እሱን ነዋ። ገጹን እዚያው ጻፍነው፤ «ባዶ ማዳበሪያ እዚህ አይገባም። እህል እንደያዘ የተመለሰ ብቻ። ካልተመለሰ ሣጥኑን ባዶ ይተዉት።» ከዚያ ወዲህ ስልኳ ጠፋ። ጋሽ ደምሴ በወሩ ግድም «ብርቄ ደወለች?» አሉኝ። አልደወለችም ስላቸው ቀኑን ሙሉ ሲያፏጩ ዋሉ። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ሥራዬን የወደድኩት ያኔ ነው።

አንድ ጥብቅ ሕግ ነበራቸው፤ ሰውየው ያለበትን መልሶ መንገር ክልክል ነው። ቲማቲም የሚለው መስመር ላይ ቆሞ ኤፍ ዋን የተጫነ ሰው ገጹ ላይ «ቲማቲም» የሚል ማየት የለበትም። «ቤቱ የገባን ሰው ቤትህ ይሄ ነው አይሉትም» ይሉ ነበር። «ሰው ሲጨንቀው አያነብም፤ ይቃርማል። የሚቃርመው ፍሬ ይሁን።» ስለዚህ ገጾቻችን አጫጭር ነበሩ፣ ሦስት ዓረፍተ ነገር ካለፉ ብዙ ነው። ደንበኞቻችን ይወዱት ነበር። እኛም ኮርተንበታል።

ከዝዋይ፣ ማለቴ ከባቱ ወደ አዳሚ ቱሉ በሚወስደው መንገድ ያለ አንድ የገበሬዎች ማኅበር፣ ስሙን መጥራት አያስፈልግም፣ ለመድኃኒት መጋዘኑ ፕሮግራም አሠራን። አባሎቹ ቲማቲምና ሽንኩርት የሚያለሙ ናቸው። ገበሬው መጋዘን ይመጣል፣ የመጋዘኑ ኃላፊ ቅጹን ይሞላል፣ የሰብሉን መድኃኒት ይሰጠዋል፣ እንዴት እንደሚበጠብጠውም ይነግረዋል። ለዚህ የሚሆን ሠንጠረዥ ከመጀመሪያው መሥራት ጊዜ ይፈጃል ተባለና፣ ድርጅታችን ቀደም ብሎ አዋሽ ዳር ላሉ የጥጥ እርሻዎች ከሠራው ፕሮግራም ሠንጠረዡን እንዳለ አምጥተን በአዲሱ ቅጽ ውስጥ ሰካነው። ይህ በኛ ሙያ የተለመደ ነው፤ አንዱ ፕሮግራም በሌላው ሆድ ውስጥ ይቀመጣል፣ ለሚያየው ሰው አንድ ይመስላል።

የተሰካ ሠንጠረዥ እንግዳ ነው። አንድ ጊዜ ጠቅ ሲያደርጉት እንደ እንግዳ ቁጭ ይላል፤ ኤፍ ዋን ቢጫኑ የሚመልሰው ባለቤቱ፣ ማለትም የኛ ቅጽ ነው። ሁለቴ ጠቅ ሲያደርጉት ግን ይነቃል፤ ከነቃ በኋላ ቤቱን የራሱ ያደርገዋል፣ የኤፍ ዋን ጥያቄም ለእሱ ነው የሚደርሰው። እሱ ደግሞ በሆዱ የድሮውን የጥጥ ገጾች እንደያዘ ነው። ከእኔ ይጠበቅ የነበረው ቢነቃም ባይነቃም ጥያቄው ወደ አዲሱ ገጽ እንዲሄድ ማድረግ ነው። ላልነቃው አደረግሁ። የነቃውን ረሳሁት። የቅጹን ሥዕል አትሜ ግድግዳ ላይ ለጥፌ፣ እንደ ጋሽ ደምሴ ሥርዓት እያንዳንዱን ሣጥን አንድ ጊዜ እየነካሁ፣ ኤፍ ዋን እየተጫንኩ፣ ምልክት አደረግሁ። ሁሉም ትክክል መጣ። «ሁሉንም ነካካሽው?» አሉኝ። «ሁሉንም» አልኳቸው።

ሥልጠናውንም የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ባቱ፣ ሁለት ቀን። ከመጋዘን ኃላፊዎቹ አብዛኞቹ ማውስ ይዘው የማያውቁ ነበሩ። መቼ አንዴ፣ መቼ ሁለቴ ጠቅ እንደሚደረግ እየተምታታባቸው ግማሹ ቀን አለቀ። ሙቀቱም ሥራ የሚያስጨርስ አልነበረም። በመጨረሻ ሰለቸኝና «በቃ፣ የትም ይሁን የት ሁልጊዜ ሁለቴ አድርጉ፣ አትሳሳቱም» አልኳቸው። ነገሩ ቀለለ። ሁሉም ሁለቴ፣ ሁለቴ እያሉ ቀጠሉ። እኔም ጎበዝ አስተማሪ የሆንኩ መሰለኝ። ቢሮ ተቀምጬ አንዴ እየነካሁ የፈተንኩትንና መጋዘን ያሉት ሁለቴ እየነኩ የሚሠሩበትን ለየብቻ ያደረግሁት እኔው ራሴ ነኝ፤ አንዱን ከአንዱ ሳላገናኝ።

ከሠልጣኞቹ መካከል ኦቦ ገመዳ የሚባሉ የማኅበሩ መጋዘን ኃላፊ ነበሩ፤ ሃምሳ ዓመት ግድም ይሆናቸዋል። ፊደል የቆጠሩት ጎልማሳ ሆነው በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ስለዚህ ማንበብ ለእሳቸው እንደ እኔና እንደናንተ ቀላል ነገር አልነበረም፣ ማዕረግ ነው። የመንደሩን ደብዳቤ የሚያነቡት እሳቸው ናቸው፤ የመድኃኒት ብልቃጥ ሁሉ ወደ እሳቸው ይመጣል። ሥልጠናው ላይ፣ በስምና በቀን ሣጥኖቹ ስንለማመድ፣ ገጹ ሲመጣ ጣታቸውን የኮምፒውተሩ መስተዋት ላይ አድርገው ጮክ ብለው ነበር የሚያነቡት። ስንለያይ «ኢንተላ ኮ፣ ይሄ ነገር አይዋሽም አይደል?» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «አይዋሽም ኦቦ ገመዳ፣ ግራ ሲገባዎት እሱን ይጠይቁት» አልኳቸው።

የቲማቲሙ ገጽ «ለአንድ መርጫ ውሃ አንድ ክዳን» ነበር የሚለው፤ በብልቃጡ ክዳን የተለካ መድኃኒት ማለት ነው። የጥጡ ገጽ «ለአንድ መርጫ ውሃ አራት ክዳን» ይላል። ሁለቱንም የጻፍናቸው በአንድ ሥርዓት ነው፤ አጭር፣ የሰብሉ ስም የሌለበት፣ በአንድ ዓይነት ቢጫ መስኮት ውስጥ። ኦቦ ገመዳ ቲማቲም የሚለው መስመር ላይ እንደተማሩት ሁለቴ ጠቅ አደረጉ፤ ኤፍ ዋን ተጫኑ፤ ጣታቸውን መስተዋቱ ላይ አድርገው አነበቡ፤ ለመጣው ገበሬ ሁሉ «አራት ክዳን» አሉ። ሊዛወር የደረሰ የቲማቲም ችግኝ በሳምንት ውስጥ ተቃጠለ። የወንድማቸው መደብም አልቀረም።

ማኅበሩ ሲደውልልን ከምክንያቱ ለመድረስ ጋሽ ደምሴ አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀባቸውም። «ሰውየው እንዴት ነው የሚነካው?» አሉኝ። «ሁለቴ» አልኩ። ሁለቴ ጠቅ አድርገው ኤፍ ዋን ተጫኑ። አራት ክዳን።

ለሥራ አስኪያጁ ለአቶ ፍቃዱ የነገርኩት እኔ ነኝ። አንቱ የምለው በአፌ ብቻ ነበር፤ ብልጥ ሰው ነው፣ ክፉም አይመስልም፤ ሲያነጋግር እንኳ ቀስ ብሎ ነው። በዚያ ሰሞን ይህንኑ ፕሮግራም ለሌሎች ማኅበራት ሁሉ ለመስጠት እየተነጋገረ ነበር። ሰምቶኝ ሲያበቃ «የማኅበሩ ኮሚቴ ነገ ተሰብስቦ ማየት ይፈልጋል። አንቺ ትሄጂያለሽ» አለኝ። በማግስቱ በመኪና ይዞኝ ሲሄድ፣ ሞጆን አልፈን ወደ መቂ ስንቃረብ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ ተናገረ።

«አንድ ጊዜ ጠቅ ታደርጊያለሽ። ከዚያ ኤፍ ዋን። ሌላ ምንም እንድትዪ አልጠይቅሽም።»

«ሰውየውስ?» አልኩት።

«አንቺ የምታሳዪው ፕሮግራሙ የሚያደርገውን ነው። ውሸት ተናገሪ ያለሽ ሰው አለ?»

የለም። ሁለት ልጆች ትምህርት ቤት አሉኝ፣ ባሌ ሥራ ከፈታ ቆይቷል፤ ይህን ሁሉ መንገዱን ሙሉ ለራሴ ስነግረው ሄድኩ። ሰበብ ሲፈልጉት አይጠፋም።

ኮሚቴው የተሰበሰበው መጋዘኑ ውስጥ፣ በቆርቆሮው ሥር ነው። ሊቀመንበሩ፣ አምስት ስድስት ገበሬዎች፣ አንድ የወረዳ ሰው። ኦቦ ገመዳ ከኮምፒውተሩ አጠገብ ቆመዋል፣ ኮታቸውን ለብሰው፣ በዚያ ሙቀት። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። «አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ» ብለው ደህንነቴን ጠየቁኝ። ከዚያ ወደ ኮሚቴው ዞረው «ይቺ ናት ያስተማረችን፤ እሷ ታውቃለች» አሏቸው። ቅጹን ከፈትኩ። ቲማቲም የሚለው መስመር ላይ ሄድኩ። አንድ ጊዜ ጠቅ አደረግሁ። ኤፍ ዋን ተጫንኩ።

ሊቀመንበሩ «አንብበው እስቲ ገመዳ» አሉ።

ጣታቸውን መስተዋቱ ላይ አደረጉ። «ለአንድ መርጫ ውሃ… አንድ ክዳን።»

«ለሰዉ ስንት ነው ያልከው?»

«አራት።»

«እዚህ ስንት ይላል?»

ደግመው አነበቡት፤ በልባቸው፣ ከንፈራቸው ብቻ እየተንቀሳቀሰ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ኢንተላ ኮ፣ አሁን ነክታችሁት ነው? እኔ አራት ነው ያየሁት።»

«ምንም አልተነካም ኦቦ ገመዳ» አልኩ። እውነት ነበር፤ አልተነካም። በሕይወቴ ከተናገርኩት ሁሉ የከፋው እሱ ነው፣ ውሸት እንኳ አይደለም። እሳቸው መስተዋቱን እያዩ ትንሽ ቆዩና የመጋዘኑን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ማንም ስጡ አላላቸውም ነበር።

ፕሮግራሙን በማግስቱ ጠገንኩት። ግማሽ ቀን አልፈጀም። «ማሻሻያ» ተብሎ ለደንበኞች ሁሉ ተላከ። ጋሽ ደምሴ ግን ለማኅበሩ ኮሚቴ ደብዳቤ ጻፉ፤ ጥፋቱ የሠንጠረዡ እንደሆነ፣ ሁለቴ ጠቅ ቢደረግ ምን ይመጣ እንደነበር፣ ገጹንም ያለ ስም አጭር ያደረጉት እሳቸው እንደሆኑ። ኮሚቴው ለአቶ ፍቃዱ ደወለ። አቶ ፍቃዱ «ሽማግሌው ከኛ ጋር ተጣልተው ነው» አለ። ኮሚቴውም በዓይናችን አይተናል አለ። በዓይናቸው ያሳየኋቸው እኔ ነኛ፤ የእሳቸው ወረቀት የእኔን አንዲት ጠቅታ መርታት አልቻለም። በወሩ መጨረሻ ጋሽ ደምሴ እርሳሳቸውን ሰብስበው ወጡ። አልሰደቡኝም፣ አልመከሩኝም። ሲሰናበቱኝ «ደህና ይሁኑ፣ ወይዘሮ አስቴር» አሉኝ። ስንት ዓመት አስቱ ሲሉኝ የኖሩ፣ የአባቴ እኩያ የሆኑ ሰው አንቱ ሲሉኝ ምን እንደተሰማኝ አማርኛ ለሚያውቅ ሰው ማስረዳት አያሻኝም። ከዚያም በኋላ መንገድ ላይ ስንገናኝ እስኪሞቱ ድረስ አንቱ ነበር የሚሉኝ።

ጠረጴዛቸው ለእኔ ተሰጠ፣ የክፍሉም ኃላፊ ሆንኩ። መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር በየገጹ አናት ላይ ስም መጻፍ ነው፤ «ይህ ለቲማቲም ነው»፣ «ይህ ለሽንኩርት ነው»። አዲስ የሚቀጠሩት ልጆች «ይሄ ድግግሞሽ አይደለም እንዴ?» ሲሉኝ ቆጣ እል ነበር፤ ምክንያቱን ግን ነግሬአቸው አላውቅም። ባህሪዬም ተበላሸ። ሰው ፊት ሳቂታ ነበርኩ፣ ቤቴ ስገባ ነገረኛ። ኦቦ ገመዳ ከማኅበሩ ወጥተው፣ የወንድማቸውን ፊት ማየት ስላቃታቸው አገሩን ለቀው አርሲ ነገሌ እህል ገበያ እንደገቡ ሰምቼአለሁ። ለሥልጠና ወደ ሐዋሳ ስወርድ በአርሲ ነገሌ ስንቴ እንዳለፍኩ አልቆጠርኩትም። አንድ ቀን እንኳ አልወረድኩም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እኔ ሳላጠራው በራሱ ሲጠራ አላየሁም።

ጡረታ ከወጣሁ በሁለተኛው ወር ወረድኩ። እህል ገበያው ውስጥ ስጠይቅ ሚዛን ቦታ ላይ ናቸው አሉኝ። አረጁ፤ ጺማቸው ነጥቷል። ስንዴ የተሞላ ማዳበሪያ ሚዛኑ ላይ ያስጫኑና፣ መርፌው ዓይናቸው ሥር እያለ፣ አጠገባቸው ያለውን ሰው «ስንት ይላል?» ይሉታል። እሱ ይነግራቸዋል፣ እሳቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ለባለ እህሉ ይደግሙለታል። ሁለት ሦስት ማዳበሪያ እስኪመዘን ቆሜ አየሁ።

አላወቁኝም። ስሜን ስነግራቸው ግን ወዲያው «አስተማሪዋ» አሉ፤ ሳሙኝ፣ ቤት ካልገባሽ ብለው ልጃቸው ከገበያው ጎን ወደከፈተችው የእህል ሱቅ ይዘውኝ ገቡ። ልጃቸው ጫልቱ ትባላለች፤ ሠላሳውን ያለፈች፣ ፈጠን ያለች ሴት ናት። ስልካቸው ላይ መልእክት ሲመጣ ሳይጠይቋት ከእጃቸው ተቀብላ አነበበችላቸው። ወረቀት የሚያስፈርማቸው ሰው ሲመጣም የፈረመችላቸው እሷ ናት። ዓይንዎን ያምዎታል ወይ አልኳቸው።

«ዓይኔ ደህና ነው» አሉኝ። «ያኔ ያ ነገር ሲሆን፣ አራት ያየሁት አንድ ሲሆን፣ ዓይኔ ነው ብዬ ሻሸመኔ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። መረመረኝና ምንም የለብህም አለኝ። ዓይን ቢሆን መነጽር ይገዛል። ለካ ጭንቅላቴ ነው። ጭንቅላቴ ያልተጻፈ ነገር ካነበበ ሌላ ሰው ይጎዳል ብዬ ተውኩት። ከዚያ ወዲህ አላነብም።»

በምሬት አይደለም የነገሩኝ፤ የቆየ በሽታቸውን እንደሚያወራ ሰው ነው። እኔ ሥራቸውን ያጡ፣ ስማቸው የጠፋ ብቻ ነበር የሚመስለኝ፤ ይቅርታ የምጠይቀውም በዚያ ልክ አዘጋጅቼ ነበር። ይህን አልጠበቅሁም። ያሰብኩትን ሁሉ ትቼ በአጭሩ ነገርኳቸው። ማሽኑ አራት ብሏቸው እንደነበር። ያነበቡት ትክክል እንደነበር። ሁለቴ ሲነካ ሌላ፣ አንዴ ሲነካ ሌላ ይመጣ እንደነበር፤ ኮሚቴው ፊት የነካሁት አንዴ እንደነበር።

ከውጭ የሚዛኑ ሰንሰለት ሲንኳኳ ይሰማል።

«ሁለቴ ያልሽን አንቺ ነሽ» አሉ በመጨረሻ።

«እኔ ነኝ።»

«አራት ይል ነበር።»

«ይል ነበር ኦቦ ገመዳ። ያነበቡት ልክ ነው።»

ከመደርደሪያው ጀርባ ስንዴ ስታበጥር የነበረችውን ልጃቸውን ጠሯት። «ነይ ተቀመጪ» አሏት። ከዚያ ለእኔ «ለእሷም ንገሪያት፤ እኔ ብነግራት አታምነኝም» አሉኝ። ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት። ጫልቱ እስክጨርስ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ።

«ያን ቀን አባቴ ጣቱን አድርጎ ሲያነብ፣ አጠገቡ ቆመሽ፣ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አልኳት።

ወደ አባቷ ዞራ በኦሮምኛ «ቤክቴ ቱርቴ» አለቻቸው፤ ታውቅ ነበር ማለቷ ነው። ሰምተውኛል እኮ፤ እሳቸውም አማርኛውን ከእኔ እኩል ነው የሚያውቁት። ኦቦ ገመዳ ራሳቸውን ነቀነቁና፣ እኔን ሳያዩ፣ «ሸኚያት፤ አውቶቡሱ እንዳያመልጣት» አሏት። እንግዳ ሲሄድ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ የቀሩ ሰው አልነበሩም። ያን ቀን አልተነሡም። ጫልቱ እስከ በሩ ሸኘችኝ፣ እስከ በሩ ብቻ።